ባለ አምስት ማዕዘን ቤት

«በስልሳ አንድ ተመሠረተ» ይላል፣ በፈረንጆቹ፣ መዝገባቸው፤
ስኪዳም ወደብ ዳር፣ መርከብ ማራገፍ ነበር ሥራቸው።
አንድ ባሕረኛ ለጠጣው አረቄ ገንዘብ ቢያጥረው ጊዜ፣
ዱላ፣ ጓንት፣ ኳሱን አስይዞ ወጣ፤ ዕቃው ቀረ እንደ ኑዛዜ።
ሕጉን በቅጡ ሳያውቁት ቤዝቦል መጫወት ጀመሩ፤
ስማቸውም «ሽመላ» ሆነ፣ ባንድ እግር ቆመው ሲወረውሩ።

እኔ የመጣሁት ኋላ ነው፣ በሦስተኛው ሜዳቸው፤
ማዘጋጃ ቤት ልኮኝ፣ በኖራ መስመር ላሰምርላቸው።
ጨዋታው አልገባኝም፣ ማን እንደረታ ሳላውቅ ዓመት ሙሉ፤
መስመሩ ቀጥ ካለ ግን «ጎበዝ ኖራው!» ይሉኛል ሁሉ።
ስለዚህ ያላየሁትን የምተርከው እንደነገሩኝ ነው፤
የጨመሩት ካለ በነሱ፣ ያጎደልኩት በኔ ነው።

በሰባ ስምንት፣ ከግራ ሜዳ ጀርባ ክሬን ቆመ ረጅም፤
ጥላው በየሳምንቱ ወደ ሣሩ ሲገፋ የከለከለው የለም።
መጨረሻው ጨዋታ ላይ፣ በስድስተኛው ዙር፣ ደረሰ ቡልዶዘሩ፤
«ሦስት ዙር ቀረን» ቢሉት፣ ሞተሩን አጥፍቶ ቁጭ አለ ሾፌሩ።
ሲያልቅ አጨበጨበ።
ከዚያ አረሰው።

ያን ማታ ባውከ፣ ኳስ ተቀባያቸው፣ አካፋ ይዞ ወጣ፣
ነጩን ጎማ ዙሪያውን ቆፈረ፤ ከነአፈሩ ተነቅሎ መጣ።
«ቤት» ይሉታል በቋንቋቸው። አምስት ማዕዘን ነው ያለው፤
ሕፃን የሚስለውን ጎጆ ይመስላል፣ ጣሪያው የተዘቀዘቀው።
ከሱ ተነስቶ የሚሮጥ፣ ሦስት ከረጢት ረግጦ፣
ወደሱ ይመለሳል፤ ለዚሁ ነው ያ ሁሉ ሩጫ፣ ያ ሁሉ ድካም፣ ተላልጦ።

ቭላርዲንገን ሄዱ፣ ከዓሣ ፋብሪካ ጓሮ፤
ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር ጓንቱ፣ ዱላው፣ የሰው ሁሉ ኑሮ።
ከተመልካቹ ድመቱ በለጠ።
አሥራ አንድ ዓመት ኖረው፣ አንዴ ለዋንጫ ደርሰው፣
ጨዋታውን ዝናብ አቋረጠው፤ ሲያባራ ሜዳው ተሽጧል ለሰው።

አንድ የቀለም ነጋዴ ደግሞ «ልውሰዳችሁ» ብሎ መጣ፤
ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዴፈንተር፣ ጓዛቸው በሁለት መኪና ወጣ።
ስማቸው «ዘላቂ ቀለም» ተባለ፤ ሽመላው ከደረታቸው ተፋቀ፤
በሁለተኛው ክረምት ነጋዴው ከሰረ።
ቀለሙም ለቀቀ።

ዊድሰን ከኩራሳዎ ነው፤ በሥራ ቀን ፖስታ አዳይ፣ እሁድ ኳስ ወርዋሪ፤
«የሰዉን ቤት ቁጥር አውቃለሁ» ይላል፣ «እኛን ግን የየት ይበሉን ነዋሪ?»
ወይዘሮ ያኮሚና አለች፤ ያን ባሕረኛ ያጠጣው አባቷ ነበር፤
ከስኪዳም ባቡር እየቀያየረች ትመጣለች፣ በብብቷ ታጣፊ ወንበር።
«ጥለውሽ የሄዱትን ምን ያስከትልሻል?» አልኳት አንድ እሁድ።
«እነሱ መች ሄዱ?» አለችኝ፣ «ሜዳው ነው ከሥራቸው የሚሄድ።»

ባገሬ ስንኝ ሲሰምር «ቤት መታ» ነው የሚባለው፤
እዚህ ግን የመታ ሁሉ ቤት አይገባም፤ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው።
ይህን ለዊድሰን ብነግረው ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ተወና
«መትተን መትተን ነው የደከምነው» አለ፣ ጓንቱን እያየ እንደገና።

ዘንድሮ ደብዳቤ መጣ። ሜዳው የፀሐይ መስታወት ሊተከልበት ነው።
ባውከ ወገቡ አልታዘዝ ብሎ፣ አካፋውን ለኔ ነው የሰጠው፤
«ኖራው፣ አንተ ንቀለው።»
የሦስት ከተማ አፈር አገኛለሁ ብዬ ነበር፣ እንደ ሞኝ፤
ከሥሩ አንድ ትልና አንድ የዛገ ሳንቲም ብቻ ተገኝ።
ሳንቲሙን ያኮሚና ወሰደች። ትሉን መለስኩት።

ወዴት እንደምንሄድ ገና አልተነገረንም፤ ሰሜን ነው አሉ፣
ውርጭ ያለበት አገር፣ የበግ ግጦሽ የሚያከራዩ አሉ።
መኪናው ሞልቷል፤ ዱላው፣ መረቡ፣ የኖራዬ ጋሪ።
ለቤቱ ቦታ ስላልተገኘ ጭኔ ላይ አስቀመጡት።
መንገዱ ጎርበጥባጣ ነው፤
በሁለት እጄ ያዝኩት።